በጾም የምትታለብ ፍየል

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ መግቢያው ላይ ሎሚ የምትሸጥ አንዲት አዴ ትከሻዬ ላይ ያነገትኩትን አይታ ሳቋን ለቀቀችው።

«አንተ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ወንበር ነው መጋዝ?»

«ፍየል ነው» አልኳት።

«ወላሂ ፀሐይ መቶሃል። ና አቦ፣ ጥላው ውስጥ ግባ።»

ፀሐይ አልመታኝም። ስሙ ነው። ዛንዚባሮች «ምቡዚ» ይሉታል፣ በስዋሂሊ ፍየል ማለት ነው። የኮኮናት መፈቅፈቂያ ነው። ከዱካ ያነሰች ተጣጣፊ የእንጨት መቀመጫ አለችው። ከመቀመጫዋ ፊት ለፊት እንደ አንገት የወጣ እንጨት አለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት ጠፍጣፋ ብረት ተመትቷል። ከጎን ሲያዩት እውነትም ቅጠል ለመቀንጠብ አንገቷን የዘረጋች ፍየል ይመስላል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች ፍየል ነው። እኔ የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ምግብ አዋቂ ነኝ አልልም፣ ዕቃ ግን አውቃለሁ። ብረት በእጄ ሳገላብጥ ነው የምውለው። ይህችን ዕቃ በዘንድሮው ሁዳዴ ሠርቼባታለሁ። 19 ኮኮናት ገዝቼላታለሁ። ስለዚህ የምለው አለኝ።

ታናሽ እህቴ ዛንዚባር አንድ ሆቴል ውስጥ በሂሳብ ሥራ ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። «ና እንጂ፣ ና እንጂ» ስትለኝ ከረመች። ዘንድሮ ጥምቀትን እዚሁ ድሬ አክብሬ ሄድኩ። 12 ቀን ቆየሁ። ባሕሩን ሁሉም ስለሚያወራው እሱን ለሌላ ሰው ልተው። እኔ የሄድኩት ለሆዴ ነው። እዚህ የሌለ ነገር ፈልጌ፣ ገዝቼ፣ በእጄ ሠርቼ ለመብላት።

የመጀመሪያው ማታ ግን ተሸወድኩ። ቱሪስት የሚበዛበት፣ ሻማ የሚበራበት አንድ ምግብ ቤት ገባን። ኦክቶፐስ በኮኮናት ብለው ያመጡልን ነገር ከመነዳሪ ነው፣ የጎማ ላስቲክ። የማጋንን ይመስላችኋል። እኔ ከመነዳሪ ሻጭ ነኝ፣ ብታኘኩት ምን እንደሚል አውቃለሁ። መረቁ ደግሞ ከጣሳ የተቀዳ ነበር። ሂሳቡን ከፍለን ስንወጣ እህቴ «ነገ የቤቱ ባለቤት ጋ እወስድሃለሁ» አለችኝ።

የተከራየችበት ግቢ ባለቤት አሮጊት ናቸው። ሁሉም «ቢቢ» ነው የሚላቸው፣ አያት እንደማለት። በነጋታው በጠዋት ይዘውን ዳራጃኒ ገበያ ሄዱ። ዳራጃኒ በ1904 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራው። ድሬዳዋ ባቡሩ ደርሶ ከተቆረቆረች ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ከቀፊራ ጋር አብሮ አደግ እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ። ጣሪያው ሥር ዓሣው አለ፣ ጨረታው አለ፣ ጩኸቱ አለ። ዝንቡንም ሽታውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። አፍንጫው የሚመርጥ ሰው አይሂድ።

እኔን የያዘኝ የአትክልትና ፍራፍሬው ተራ ነው። ትንሽ ዱባ የምታክል፣ ቆዳዋ እንደ አዞ ሸካራ የሆነ አረንጓዴ ፍሬ ተከምራለች። «ሸሊሸሊ» ይሏታል። ሲሸልስ ደሴቶችንም በስዋሂሊ ሸሊሸሊ ነው የሚሏቸው፣ ፍሬዋ በዚያ በኩል የመጣች እንግዳ ሳትሆን አትቀርም። ጎኗ ላይ ደግሞ ትንንሽ ኪያር የሚመስል «ምቢሊምቢ» አለ። አንዱን ነከስኩና ግንባሬ ላይ ላብ መጣ። ሎሚ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ስኳር ነው። እዚያ ወጥ ማኮምጠጫ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው የሚያክለው «ፌኔሲ» ነው፣ ጃክፍሩት የሚሉት ፍሬ። ሻጩ ከመሰንጠቁ በፊት እጁንም ቢላውንም ዘይት ቀባ፣ አለበለዚያ ሙጫው ለሦስት ቀን አይለቅም። ኮኮናቱን «ናዚ» ነው የሚሉት። ገበያ መሀል አንድ ሽማግሌ «ናዚ! ናዚ!» እያሉ ሲጣሩ የደነገጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቢቢ ሁለት ሸሊሸሊ፣ አራት ኮኮናትና አንድ ኦክቶፐስ ገዙ። ኦክቶፐሱን የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፣ ባሕሩ ሲሸሽ በእግራቸው ገብተው በዱላ ከድንጋይ ሥር እየፈለጉ።

ቤት ስንደርስ ቢቢ ፍየሏን አወጡ። ኮኮናቱን በግራ መዳፋቸው ይዘው በገጀራው ጀርባ ወገቡን ዞረው ዞረው መቱት። በአራተኛው ምት ለሁለት ተከፈለ፣ ውኃውም ሳህን ላይ ወረደ። ከዚያ «ተቀመጥ» አሉኝ። እንደ ፈረስ ወጣሁባት። ግቢው በሳቅ ሞላ። ለካስ ሴቶቹ እግራቸውን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ነው የሚቀመጡት። ለወንድ ደንቡ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፣ እስከ ዛሬም እንደ ፈረስ ነው የምቀመጠው።

ግማሹን ኮኮናት በሁለት እጄ ይዤ ጥርሱ ላይ ጫን አደረግኩት። ጫን ማለቱ ነው ስህተቱ። ትልቅ ትልቅ ቁራጭ ወረደ፣ የአውራ ጣቴም ቆዳ አብሮ ወረደ። ቢቢ እጄን ያዙኝ። መጫን የለም። ብረቱ ባለበት ይቆማል፣ ኮኮናቱ ነው በመዳፍህ ውስጥ የሚዞረው። ከጠርዙ ትጀምርና ወደ መሀል ትገባለህ። «ሽር፣ ሽር፣ ሽር» ይላል። እንደ በረዶ ነጭ፣ እርጥብ ብናኝ ትሪው ላይ ይወርዳል። ቡናማው ቆዳ ብቅ ሲል ታቆማለህ። ከዚያ ካለፍክ ወተቱ ይጠቁራል፣ ይመራልም።

ብናኙ ላይ ለብ ያለ ውኃ አፍስሰው ጨመቁት። ድሮ ከዘንባባ በተሠራች «ኪፉምቡ» በምትባል ከረጢት ነበር የሚጨምቁት፣ ዛሬ ቢቢም እንደ ሁሉም ሰው የፕላስቲክ ማጥለያ ነው ያላቸው። የመጀመሪያው ጭማቂ ወፍራም ነው፣ ለብቻው ይቀመጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጭን ነው፣ ምግቡ የሚበስለው በሱ ነው። ወፍራሙ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከበረደ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፣ በኋላ ጉዴን ስነግራችሁ ይጠቅማል።

ሸሊሸሊዋን እንዳለች ከሰል ላይ አስቀመጧት። ቆዳዋ ጥቁር እስኪሆን ድረስ እያገላበጡ ጠበሷት። አንገቷ አካባቢ ነጭ ወተት አንቆርቁራ ጢስ ጢስ ስትል ቀፎውን በቢላ ገፈፉት። ውስጧ ቢጫ ነጭ ነው፣ እንፋሎት ይተናል። ሽታዋ ከምጣድ አሁን የወረደ ዳቦ ነው። ስትበሏት ድንች ትመስላለች፣ ግን እንደ ድንች አትከብድም፣ ልጥጥ ትላለች። እንደ እንጀራ እየቆረስን ኮኮናቱ መረቅ ውስጥ ነከርን። ከዚያ ደሴት አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ና ብባል ኖሮ ሸሊሸሊን ነበር የማመጣው። ዳሩ ሸሊሸሊ አትቆይም፣ በጥቂት ቀን ትበሰብሳለች።

ኦክቶፐሱን ድንጋይ ላይ በዱላ ወቅተው ወቅተው አለሰለሱት። ከዚያ ጠብታ ውኃ ሳይጨምሩ ድስት ውስጥ ከደኑት። የራሱን ውኃ አወጣና በሱው በሰለ፣ ቀለሙም ወይን ጠጅ ሆነ። ቲማቲም፣ እርድ፣ ሎሚ፣ ቀጭኑ ወተት፣ በመጨረሻ ወፍራሙ። ሽታው ግቢውን ሲሞላው እማዬ ስልክ ደወለች። ምን እየተሠራ እንደሆነ ነገርኳት።

«ክንፍና ቅርፊት አለው?»

«እግር ነው ያለው እማዬ። ስምንት።»

«ስምንት እግር ያለው ነገር በልተህ ቤቴ እንዳትገባ!»

በላሁ ወይስ አልበላሁም የሚለውን እዚህ አልጽፍም። እማዬ ታነባለች።

ለማንኛውም በማግስቱ ዳራጃኒ ተመልሼ አንዲት ፍየል በ20 ሺህ ሽልንግ ገዛሁ። ሻጩ እንጨቱ የማንጎ ነው አለኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ጋር ጠቀለልኳት። አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት አይቻልም፣ ጥርሷን ያየ ፈታሽ አይለቃችሁም። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቧት። አንዱ አየር ማረፊያ ላይ እንዲያውም ሻንጣዬን አስከፍተውኝ ነበር። ፈታሹ አወጣት፣ ዘረጋት፣ ዞረ ዞረና ተቀመጠባት። «ትመቻለች» ብሎ መለሰልኝ።

አሁን ወደ ዕቃው። ሥራዋን እንደ ባለሙያ ልንገራችሁ። ብረቷ ከላሜራ ተቆርጦ ጥርሶቹ በሞረድ በእጅ የወጡ ናቸው። አንዱ ከአንዱ እኩል አይደለም፣ ይህ ግን አይጎዳም። እንዲያውም እኩል ያልሆነው ጥርስ ብናኙን ያደቅቀዋል። ችግሩ ማሰሪያው ነው። ብረቱን አንገቷ ላይ የያዙት ሁለት ምስማሮች ብቻ ናቸው። በአራተኛው ኮኮናት ላይ መነቃነቅ ጀመረ። የቀፊራዋ አዴ ያየችኝ ያን ቀን ነው፣ ወደ ሱቄ ይዣት ስሄድ። ምስማሮቹን ነቅዬ በ6 ሚሊሜትር ቡሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተነቃነቀችም። ሌላው እግሯ ነው። በሲሚንቶ ወለል ላይ ትንሸራተታለች። ከመነዳሪ ቆርጬ ጫማ አደረግኩላት። ጥርሷ ክዳን የለውም፣ ልጅ ባለበት ቤት አደጋ ነው። የውኃ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ አልብሷት። ካልደረቀች ደግሞ በማግስቱ ትዝጋለች፣ የዛገ ብረት ወተቱን ያበላሸዋል። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎባት ነው የምታድረው። ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ይተዋት፣ ዝቅ ያለች ናት። እኔ 46 ዓመቴ ነው፣ ከሁለተኛው ኮኮናት ስነሳ «በስመ አብ» እላለሁ።

«ለምን በብሌንደር አትፈጨውም?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ፈጭቼ አይቻለሁ። መጀመሪያ ኮኮናቱን ከቅርፊቱ መፈልቀቅ አለባችሁ፣ እሱ ራሱ ግማሽ ቀን ነው። ቡናማ ቆዳው አብሮ ይፈጫል። ወተቱ ግራጫ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። የጣሳውን ወተትም ሞክሬያለሁ። ማወፈሪያ ነገር አለበት፣ ከምላስ ላይ አይወርድም። ፍየሏ መብራትም አትፈልግም፣ ድምጿም ጎረቤት አይረብሽም። ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አንዱን ያስቀነሰባት ምስማሩ ነው።

ኮኮናቱ ራሱ ግን ፈተና ነው። ድሬ ላይ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም። ቀፊራ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ዘንድ አገኘሁ፣ ከጅቡቲ ነው የመጣው አለችኝ። አንዱን 350 ብር። ስትገዙ ጆሯችሁ ሥር አንቀጥቅጡት፣ ውኃው ካልተንቦጫቦጨ ተዉት። ሦስቱን «ዓይኖቹን» እዩ፣ ከረጠቡ ወይም ሻጋታ ካላቸው ውስጡ ሞቷል። ይህን እያወቅኩም ከ19ኙ ሦስቱ በስብሰው ወጡ። ነጋዴዋን አልወቅሳትም፣ እሷም እንደኔ ውስጡን አላየችም። ከደህናው ከአንዱ አንድ ብርጭቆ ወፍራም፣ ሁለት ብርጭቆ ቀጭን ወተት ይወጣል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ዓርብ ላይ አዋረደኝ። ለእማዬ ቦሎቄ በኮኮናት ልሠራላት ነበር። ዛንዚባሮችም ቦሎቄውን እንዲሁ ያደርጉታል። በዋዜማው ዘፍዝፌ በጠዋት ቀቀልኩት። ሳቢያን ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ኒሟ ሥር ፍየሌን ዘረጋሁ። ማጥለያ አልነበረኝም። እማዬ አሮጌ ነጠላዋን ቀዳ ሰጠችኝ፣ ከማጥለያውም በላጭ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ መጣ። ሰው ሲበዛ ጉራ ይመጣል። ወፍራሙንም ቀጭኑንም አንድ ላይ ገልብጬ ፈርኔሎውን አራገብኩት። ፈላ። ዘይትና ውኃ ሆኖ ተለያየ። ፊቱ ላይ ፍርፋሪ ተንሳፈፈበት። እማዬ በማንኪያ ነካ አድርጋ «ፍየልህ ታማለች» አለች።

ረቡዕ እንደገና ሠራሁ፣ በሥርዓቱ። ሽንኩርቱን በዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ። ቦሎቄውን በቀጭኑ ወተት ግማሽ ሰዓት አበሰልኩት። ፈርኔሎው አመድ ሲለብስ ወፍራሙን ጨመርኩ፣ ሳላቋርጥ በአንድ አቅጣጫ አማሰልኩ። አረፋ ሲያደርግ አወረድኩት። ሎሚ ጠብ። እማዬ በእንጀራ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ሳህኑን ራቅ አድርጋ አየችኝ።

«ቅቤ ጨምረህበታል።»

«አልጨመርኩም።»

«ወተት ነው ይሄ። በጾም?»

«የፍየሏ ነው» አልኳት። ፍየሏን አየች፣ እኔን አየች፣ አማተበች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ሸሊሸሊን እዚህ አላገኝም። ምትኩን ግን አገኘሁ፣ የሐረርጌ ስኳር ድንች ነው። እንደ ሸሊሸሊ ከነልጣጩ ከሰል ላይ ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ በቀጭኑ ወተት ከቃሪያ ጋር ትንሽ ይበስላል። ጣፋጭ ነው፣ ስለዚህ ሎሚውን አብዙት። ለምቢሊምቢው ኮምጣጣነት ሁመር፣ ታማሪንድ የሚሉትን፣ ዘፍዝፌ ጨመርኩ፣ ሠራ። ሩዝ በኮኮናት ወተት ሞክሬ አንዴ አረረብኝ፣ አንዴ ተሳካ። ጎመኑ አልተሳካም። እዚያ የካሳቫ ቅጠል ወቅጠው ረጅም ሰዓት ነው የሚያበስሉት። የኛ ጎመን ያን አይችልም፣ ሟሸሸ። የተጨመቀውን ገለባ ልጥለው ስል እማዬ ነጠቀችኝ። ምጣድ ላይ ከባቢሌ ለውዝ ጋር አመሰችው፣ ስኳር ነሰነሰችበት፣ የቡና ቁርስ አደረገችው። ይሄኛው የዛንዚባር አይደለም። የሷ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፣ ድሬ ዛንዚባር አይደለችም። ስምንት ሰዓት ላይ የተጨመቀ ወተት ማታ ይኮመጥጣል። ሲጨመቅ ድስቱ ምድጃው ላይ ይሁን። ለነገ ብሎ ማሳደር የለም።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ነበር። አንድ ማታ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው ለጎረቤታችን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቦሎቄ ላክን። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም። ሳምቡሳ ሞልቶ መጣ። የምስሩን ለኛ ለብቻ በነጭ ፌስታል ጠቅልላ፣ የሥጋውን ደግሞ «ለፋሲካ አቆዩት» ብላ አስቃ። በማግስቱ ራሷ መጣች። ፍየሏን አገላብጣ አየቻት። ቡሎኑን በጣቷ ነካችው። «ለዒድ ጣፋጭ ልሞክርባት፣ ማታ እመልሳለሁ» አለች።

ዒድ አለፈ። ፋሲካም አለፈ። ፍየሏ አሁንም እዚያ ቤት ነች። በአጥሩ በኩል «ሽር፣ ሽር» ሲል እሰማለሁ። መልሺ ለማለት አፌ እንቢ አለኝ፣ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ሽር ሽር በኋላ አንድ ሳህን ወደኛ ይመጣል። እህቴ ለፍልሰታ እመጣለሁ ብላለች። ሌላ ፍየል ይዘሽ ነይ ብዬ ጻፍኩላት።

«ወንድ ነው ሴት?» ብላ መለሰች።

የምትታለበዋን አልኳት።